ነፋስ፣ ላብና ውኃ፦ ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው የማራገቢያ ታሪክ

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። በስተጀርባዋ የአምባ ፈሪት ተራራ ውርጭ አለ፤ በስተምዕራብ ግን መሬቱ እየተሰበረ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያቆለቁላል። በኢትዮጵያ ልማዳዊ አከፋፈል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው ደጋ፣ ከ1,500 ሜትር በታች ያለው ቆላ ይባላል፤ የዚህ አካባቢ ነዋሪ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጉዞ ሊያያቸው ይችላል። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚጨምር፣ በከተማይቱ ቀትር ላይ 26 ዲግሪ ቢሆን በቆላው መጀመሪያ 33 ዲግሪ ገደማ፣ በወንዙ ዳር ደግሞ ከዚያም በላይ ይሆናል ማለት ነው።

የደጋ ሰው ከነፋስ ጋር ያለው ዝምድና የጥርጣሬ ዝምድና ነው። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም ጠባብ ነው። ጋቢና ባና ደርቦ ይተኛል። ወገብ ሲያመው፣ አንገቱ ሲደርቅ፣ ሳል ሲይዘው «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ከፀሐይ ውሎ ሲገባ ራሱን ሲያመውና ከንፈሩ ሲቆስል ደግሞ ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ያሻል። በአውቶቡስ ውስጥ አንድ መንገደኛ መስኮት ሲከፍት የሚነሣውን ጭቅጭቅ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ይህ ፍርሃት የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከፍቶ የሚያድር ሰው ይሞታል የሚል እምነት ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ሳይንሳዊ መሠረት ግን የለውም።

ይኸው ነፋስ ፈሪ ሰው ቆላ ወርዶ ላብ ሲያጠምቀው ነፋስን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ያምነዋል። በከተማ ቋንቋ ቬንቲሌተር የሚባለውን ማራገቢያ (በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስሙ የሌላ መሣሪያ ነው) ከገዛ ወይም በተከራየው ክፍል ጣሪያ ላይ ሲዞር ካገኘ፣ መስኮቱን ዘግቶ ከሥሩ ይተኛል። ሁለቱም አመለካከት ነፋስ በባሕርዩ ቀዝቃዛ ነው ከሚል አንድ ግምት ይመነጫል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማራገቢያ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ያንቀሳቅሰዋል እንጂ። ገላን የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ የሚተነው ውኃ ነው። ቡና የምታፈላ ሴት ከሰሉን በማራገቢያ ስታራግብ ፍሙ ይቀላል፤ በዚያው ማራገቢያ ላብ ያራሰውን ፊቷን ስታራግብ ይቀዘቅዛታል። ነፋሱ ለከሰሉ ኦክስጅን ያቀብላል፣ ከፊቷ ላይ ላብ ያነሣል፤ ሥራው የሚወሰነው ባረፈበት ነገር ነው።

የሕክምና ሳይንስ ይህን ለማወቅ የሄደበት መንገድ በከፊል በኢትዮጵያና በአጎራባቾቿ ያልፋል። በአማርኛ የቆላ ትኩሳት ንዳድ ይባላል፤ ቃሉ «ነደደ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ለደጋው ሰው የቆላ ሙቀትና የቆላ በሽታ በአንድ ቃል የተጠቀለሉ ናቸው፤ የወባ ተሕዋስ በትንኝ መተላለፉ እስከ ተረጋገጠበት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ የዓለም ሐኪሞችም ሁለቱን አጥርተው አልለዩም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲደርስ ይህንኑ ንዳድ የተባለ ትኩሳት በስሙ መዝግቦታል። ብሩስ ሐኪም ባይሆንም በጉዞው ሁሉ ያክም ነበርና የበሽታ ምልክቶችን በጥንቃቄ ይጽፋል። ንዳድ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን እንደሚገድል፣ አምስተኛው ቀን የደረሰ ሕመምተኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚድን ገልጾ፣ የአካባቢው ሰዎች የሚያደርጉትን እንክብካቤ ይተርካል። ሕመምተኛው ውኃ ብቻ ይጠጣል፤ ከነአልጋው ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ይደፋበታል፤ ሳያደርቁት፣ አልጋውንም ሳይለውጡ፣ እንደ ረጠበ ይተዉታል፤ ቆይተው እንደገና ይደፉበታል። ለወባ ይህ መድኃኒት አይደለም። የሰውነትን ሙቀት ለማውረድ ግን ለብዙ ዘመን ከተሻለ የማይገኝ ዘዴ ነበር፤ በተለይም «ሳያደርቁት» የምትለዋ ነጥብ ልብ ልትባል ይገባታል።

ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1772 በስናር ተቀመጠ። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ነበርና ሙቀቱን በገዛ ሰውነቱ ለካው። ቴርሞሜትር ይዞ ነበር፤ ነገር ግን የቴርሞሜትሩ ቁጥር ሰው የሚሰማውን እንደማይነግር ስለተረዳ በምልክት ላይ የተመሠረተ አራት ደረጃ አወጣ። በመጀመሪያው ደረጃ ሰው ተቀምጦ ያልበዋል። በሁለተኛው ቀላል ልብስ ለብሶም፣ ሳይንቀሳቀስም፣ ላቡ ይበዛል። በሦስተኛው መንቀሳቀስ ይከብዳል፤ ጉልበት ከትኩሳት እንደ ተነሣ ሰው ይዝላል። በአራተኛው አቅም ይከዳል፤ ራስ ማዞርና መሳት ይመጣል፤ ሰሪሳራው በገመድ እንደ ታሰረ ይጨንቃል፤ ድምፅ ይደክማል፤ ቆዳው ይደርቃል። ይህን የመጨረሻውን ብሩስ ለሞት የቀረበ ሁኔታ አድርጎ ቆጥሮታል። ዛሬ አንድ የሕክምና ተማሪ በሙቀት መዛልንና በሙቀት መመታትን ለይተህ ጻፍ ቢባል ከዚህ ብዙም የራቀ አይጽፍም። አእምሮ መታወክና የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፍ ይጨመርበታል፤ በከባድ ሥራ ላይ ሳለ በሙቀት የተመታ ሰው ቆዳው እርጥብ ሊሆን እንደሚችልም ይታከልበታል። ቆዳው ለደረቀ ሰው ግን ነፋስ የሚያነሣለት ምንም ነገር የለም።

ብሩስ ወደ ለንደን በተመለሰበት በዚያው በ1774 እ.ኤ.አ. እዚያው ከተማ ውስጥ ዶክተር ጆርጅ ፎርዳይስ የተባለ ሐኪም በምድጃ የሚሞቅ ክፍል አዘጋጅቶ ጓደኞቹን ይጋብዝ ነበር። ከተጋባዦቹ አንዱ ሐኪሙ ቻርልስ ብላግደን ያየውን በተከታዩ ዓመት አሳተመ። የክፍሉ ደረቅ አየር 127 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ደርሶ ሳለ ብላግደን ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በደኅና ወጥቷል። ከዚህ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅሙት ሁለት ትንንሽ ሙከራዎች ናቸው። በአንደኛው በክፍሉ የተቀመጠ ውኃ፣ አየሩ ከመፍያ ነጥብ በላይ ሆኖ ሳለ አልፈላም፤ በላዩ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ሲልበትና መትነን ሲያቅተው ግን ፈላ። በሁለተኛው በክፍሉ ውስጥ ጥሬ ሥጋ አኑረው በወናፍ አናፉበት። ሥጋው በ13 ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው በሰለ፤ ያለ ወናፍ ከሚፈጅበት ጊዜ እጅግ ባጠረ ጊዜ ማለት ነው። ሙቅ አየር ሲንቀሳቀስ ሙቀቱን በፍጥነት ያስረክባል። ስለ ኤሌክትሪክ ማራገቢያ አደጋ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ መፈለግ የሚያስቸግር ሲሆን፣ የተገኘው ግን ማራገቢያው ከመፈልሰፉ ከመቶ ዓመት በፊት ነው።

የነገሩ አሠራር እንደሚከተለው ነው። የሰው ቆዳ በሙቀት ጊዜ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። አየሩ ከዚህ በታች ከሆነ ነፋስ በሁለት መንገድ ይጠቅማል፤ ሙቀትን ከገላ በቀጥታ ይወስዳል፣ ላብንም ያተናል። አየሩ ከዚህ በላይ ሲሆን አንደኛው መንገድ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ሙቀት ወደ ገላ ያመጣል። የሚቀረው ሁለተኛው ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ከግንባር ላይ የሚንጠባጠበው ግን ምንም አይወስድም። እርጥበት በበዛበት አገር ላብ በገላ ላይ ስለሚቆይ ማራገቢያ ከ35 ዲግሪ በላይም ሊረዳ ይችላል። አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር ላቡ ያለ ማራገቢያም ወዲያው ይተናል፤ ስለዚህ ማራገቢያው የሚጨምረው ሙቀትን ብቻ ይሆናል። የዓባይና የበሽሎ ሸለቆዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት የኋለኛው ዓይነት ናቸው።

ስለ በሽሎ ሲነሣ 1860 ዓ.ም. ሳይጠቀስ አይታለፍም። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ለመድረስ ሚያዝያ 3 ቀን ከደላንታ ደጋ ወደ በሽሎ ሸለቆ ወርዶ ወንዙን ተሻገረና በሌላው ወገን ወደ አሮጌ ወጣ። ወቅቱ የዓመቱ ሞቃት ጊዜ፣ ወንዙም ድፍርስ ነበር፤ ወታደሩን ከውጊያው በፊት ያደከመው ሙቀትና ጥም ነው። በአምባው ላይ ከነበሩት እስረኞች መካከል ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ይገኝ ነበር። ብላንክ የዐፄ ቴዎድሮስን ፈቃድ እየጠበቀ እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1865 ከአንድ ዓመት በላይ በምጽዋ ሙቀት ቆይቶ፣ ከዚያም በመተማ ቆላ አልፎ፣ በመጨረሻ በመቅደላ ብርድ የታሰረ ሰው ነው። ኢትዮጵያ የምታቀርበውን የአየር ጠባይ ሁሉ በአንድ ጉዞ የቀመሰ ሐኪም እንደ እርሱ ብዙ አይገኝም።

ጦሩ የተነሣው ከሕንድ ነበር። በሕንድ የነበሩ እንግሊዞች ደግሞ ከአገሬው የተማሩት አንድ ልማድ ነበራቸው። በጣሪያ ላይ የተንጠለጠለና በገመድ የሚሳብ ትልቅ ጨርቅ፣ ፑንካ የሚባለው፣ ቤቱን ያናፍስ ነበር። በደረቁ የበጋ ወራት ሞቃቱ ነፋስ ሲነሣ ግን በፑንካ ብቻ አይተማመኑም፤ ከሣር ሥር የተሠራ መጋረጃ በበርና በመስኮት ላይ ሰቅለው ቀኑን ሙሉ ውኃ ያርከፈክፉበታል፤ ነፋሱ በእርጥቡ መጋረጃ አልፎ ቀዝቅዞ ይገባል። ሣሩ ዛሬ በኢትዮጵያ ለአፈር ጥበቃ የሚተከለው ቬቲቨር ነው። ጠቢብነቱ እርጥበት ባለበት ወቅት ነፋስን፣ ደረቅ በሆነበት ወቅት ነፋስንና ውኃን አንድ ላይ መጠቀሙ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ማራገቢያን አሜሪካዊው ስካይለር ዊለር እ.ኤ.አ. በ1882 ሠራ። ነፋስ የሰውን የመቋቋም ልክ ምን ያህል እንደሚያሰፋ በቁጥር ያሳየው ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ሲሆን፣ በ1905 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ወሳኙ ተራው ቴርሞሜትር ሳይሆን አምፖሉ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነው ቴርሞሜትር መሆኑን አስረዳ። በዚህ ዘመን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ገና ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ብዙ አልራቀም ነበር። የአባ ሳሙኤል ግድብ እ.ኤ.አ. በ1932፣ የቆቃ በ1960፣ የጢስ ዓባይ በ1964 ሥራ ጀመሩ፤ ከመካነ ሰላም ደጋ ሥር የሚያልፈው ዓባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ያንቀሳቅሳል። ማራገቢያ በድሬዳዋና በጋምቤላ የተለመደ ዕቃ ነው፤ በደጋው ግን የሚያስፈልገው ስላልነበረ አጠቃቀሙን ከአባቱ የተማረ ሰው የለም። ጉዳዩ የሕክምና ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

የወሎ ሕዝብ ወደ ቆላ መውረድ የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁና ከረኃቡ በኋላ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲያሰፍር ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። በጣና በለስ፣ በአሶሳና በጋምቤላ የሠፈረው ደገኛ ወባን ከዚያ በፊት በሰውነቱ አያውቃትም ነበር፤ ሙቀቱንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ፣ የቤት ሠራተኝነትና የቀን ሥራ ወደ ጅቡቲና ወደ ዓረብ አገሮች ብዙዎችን ወስዷል። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ነው፤ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ጨውነቱ ይቀንሳል። አደጋው ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ነው።

ማራገቢያ ሕይወት ያድናል ወይስ አያድንም የሚለው ጥያቄ በከባድ ሁኔታ የተነሣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 በቺካጎ ከተማ ነው። በጥቂት ቀናት ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የታተመ ጥናት እንዳሳየው የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ከሞት ሲጠብቅ፣ ማራገቢያ ያለው ቤት ግን ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ከዚያ በኋላ ሙግቱ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ጤናማ ወንዶችን በሁለት ዓይነት ሙቀት አስቀምጦ ፈተነ። በ40 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት ማራገቢያው የውስጥ ሙቀታቸው እንዳይጨምር ረዳ፤ በ47 ዲግሪና በ10 በመቶ እርጥበት ግን አባሰባቸው። ለብላግደን ወናፍ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም።

በ2021 እ.ኤ.አ. እነዚሁ ተመራማሪዎች ሊታለፍ የማይገባውን ወሰን በስሌት አቀረቡ፤ ለጤናማ ወጣት 39፣ ለጤናማ አረጋዊ 38፣ የላብ ዕጢን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ አረጋዊ 37 ዲግሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ማራገቢያ ከ40 ዲግሪ በታች ብቻ ይሠራበት የሚል ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አረጋውያንን በ36 ዲግሪ ለስምንት ሰዓት አቆይቶ ማራገቢያው የውስጥ ሙቀታቸውን ይህ ነው በሚባል መጠን እንዳላወረደ አገኘ። እንግዲህ በ35 እና በ40 መካከል ያለው ክፍተት ገና የሊቃውንት መከራከሪያ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች ግን ትናንት ከመካነ ሰላም ወይም ከሳይንት ወርዶ ዛሬ በቆርቆሮ ክፍል የሚያድርን ሰው ፈትነው የተገኙ አይደሉም። ላቡ ገና ላልደረጀ ሰው ዝቅተኛውን ወሰን መያዝ ይሻላል፤ ከ35 ዲግሪ በላይ በማራገቢያ ብቻ መተማመን አይገባም።

ወሰኑ ሲታለፍ ታሪኩ የሚመልሰው ወደ ውኃ ነው። የወሎ ተሳላሚዎች በሚሄዱባት በመካ እ.ኤ.አ. በ1980 ኮጋሊና ዌይነር የተባሉ ሐኪሞች በሙቀት ለተመቱ ሐጃጆች ያቀረቡት የማቀዝቀዣ አልጋ የተሠራው በዚሁ መርሕ ነበር፤ ሕመምተኛው በመረብ አልጋ ላይ ይተኛል፣ ቀዝቃዛ ውኃ በጉም መልክ ይረጭበታል፣ ሞቅ ያለ አየር ይነፍስበታል። አየሩ ሞቅ ያለ የሆነው ቆዳው በብርድ ተኮማትሮ ደሙን ከላዩ እንዳያሸሽ ነው። በምጽዋ ብሩስ ያየው አልጋና ይህ አልጋ የሁለት መቶ ዓመት ልዩነት ቢኖራቸውም ዘመዳሞች ናቸው። ዛሬ በከባድ ሥራ ላይ ሳለ በሙቀት ለተመታ ወጣት የሚመረጠው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ መንከሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ልብስ አውልቆ፣ ገላን ደጋግሞ አርሶ ማራገብ ወደ ሆስፒታል እስኪላክ ድረስ ሊደረግ የሚችል ሕክምና ነው።

በቤት ውስጥም አሠራሩ ከዚህ አይለይም። እርጥብ ነጠላ በትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ ክንድንና አንገትን በየጊዜው አርሶ ከማራገቢያ ፊት መቀመጥ በደረቅ ሙቀት የጎደለውን ላብ ይተካል። በእርጥብ እጅ ግን ማብሪያውን መንካት አይገባም፤ ውኃው ከሽቦውና ከሶኬቱ መራቅ አለበት። የቆርቆሮ ክፍል ከሰዓት በኋላ ከውጭው አየር በላይ ስለሚግል በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር መውጣት ከማራገቢያው ይበልጣል፤ ሌሊት የውጭው አየር ሲቀዘቅዝ ደግሞ ማራገቢያውን በመስኮት በኩል አድርጎ ቀዝቃዛውን ማስገባት ይቻላል። አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፕሮማዚን ወይም አርቴን የሚወስድ ሕመምተኛ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲል መድኃኒቱ ላቡን እንደሚቀንስ ሊነገረው ይገባል፤ ይህ ምክር በተመላላሽ ክፍል አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሲሰጥ የሚሰማው ግን ከስንት አንዴ ነው። ፉሮሴማይድ ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛም እንዲሁ።

አጎበርን በሚመለከት ያለው ችግር ከሁሉ ይከፋል። አጎበር ነፋስን ይሰብራል፤ በቆላ ብዙ ሰው አጎበሩን የማይዘረጋበት አንዱ ምክንያት ሙቀቱ ነው። ማራገቢያ ሲገባ ደግሞ ነፋሱ ትንኟን ያባርራል ተብሎ አጎበሩ ጨርሶ ይነሣል። ነፋሱ በርግጥ ትንኟን ያስቸግራታል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ግን ማራገቢያው ይቆማል፣ ትንኟ ትመለሳለች፣ አጎበሩም በግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ያድራል። ማራገቢያውን ወደ አልጋው አስጠግቶ ከአጎበሩ ውጭ ማስቀመጥ የሚሰበረውን ነፋስ በከፊል ይክሳል። በዓባይ ሸለቆ የወባው ወቅት ከክረምቱ መውጫ ከመስከረም ጀምሮ ሲሆን የሙቀቱ ጫፍ መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ ስለዚህ አጎበሩ በሙቀት ምክንያት በሚያዝያ ከተነሣ፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ተመልሶ መዘርጋቱን የሚጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያስፈልጋል።